ከአንጎል ጉዳት በኋላ ቀልብን መሰብሰብ፦ ስለ ማይንድፉልነስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጭንቅላታቸውን ተመትተው፣ ስትሮክ አጋጥሟቸው ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና አድርገው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሰው ብዙ በሚሰናከልበት ቦታ መልሱ ይረዝማል፤ ሌላው ጋ አጭር ነው። በአንድ መቀመጫ አንብቦ መጨረስ ካደከመዎት አንዱን ብቻ ያንብቡና ይተዉት፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ማይንድፉልነስ ሲባል ምን ማለት ነው?

አሁን እየሆነ ያለውን ነገር ሆን ብሎ፣ ሳይፈርዱበት ልብ ማለት ነው። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ነገሩን አማርኛ ያውቀዋል፤ ቀልብን መሰብሰብ የምንለው ለዚሁ የቀረበ ነው። እጅዎን ሲታጠቡ የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የሳሙናውን ማሟለጭ ያስተውላሉ። ሐሳብዎ ወደ ትናንቱ ጭቅጭቅ ይሄዳል፤ መሄዱን ያውቃሉ፤ ወደ እጅዎ ይመለሳሉ። አእምሮን ባዶ ማድረግ አይጠበቅብዎትም። መረጋጋትም ግዴታ አይደለም፤ ተናድደው ከሆነ መናደድዎን ማወቁ ራሱ ልምምዱ ነው።

በሕክምናው ዓለም የታወቀው ሥልጠና በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ጆን ካባት-ዚን የጀመሩት የ8 ሳምንት ትምህርት ነው። ተሳታፊዎች በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በቡድን ይማራሉ፤ በቤታቸው ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ ገደማ ይለማመዳሉ። ይህቺን 45 ደቂቃ ያዝ ያድርጉልኝ፤ ኋላ እንጣላበታለን።

የተጎዳውን አንጎል ይፈውሳል?

አይፈውስም። የሞተ የአንጎል ሕዋስ በማስተዋል አይነሣም። «ማሰላሰል አንጎልን ያሳድጋል» የሚለው ወሬ የመጣው በጥቂት ሰዎች ላይ ከተሠሩ ቀደምት ጥናቶች ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ ጤነኛ ሰዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት ሲታተም ግን፣ የ8 ሳምንቱን ሥልጠና የወሰዱት ሰዎች በኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ በሚያሳይ የምስል ምርመራ) ሲታዩ የአንጎላቸው መዋቅር ካልወሰዱት የተለየ ለውጥ አላሳየም። ጤነኛ አንጎል ላይ ያልታየውን በቆሰለ አንጎል ላይ ቃል የሚገባልዎት ሰው ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

አንጎል ከጉዳት በኋላ ሌላ መንገድ የማበጀት ችሎታ እንዳለው እርግጥ ነው። መንገዱን የሚያበጀው ግን ድግግሞሽ ነው፤ መራመድ በመራመድ፣ መናገር በመናገር ይመለሳል። የፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ቀጠሮዎን በማይንድፉልነስ አይተኩ። ለሚጥል በሽታም ሆነ ለድባቴ የታዘዘልዎትን መድኃኒት «አሁን በልምምዱ ተሽሎኛል» ብለው በራስዎ አያቁሙ።

ታዲያ የሚረዳው ምኑን ነው?

በጉዳቱ ላይ የሚደረበውን። ጉዳቱ አንድ ሸክም ነው፦ አፍ ላይ ደርሶ የሚጠፋ ስም፣ ጆሮ የሚበሳ የቤት ጫጫታ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። በዚያ ላይ «ድሮ እንዲህ አልነበርኩም»፣ «ሰው ምን ይለኛል»፣ «ከእንግዲህ አልሆንም» የሚል ሌላ ሸክም ይጨመራል። የመጀመሪያውን ሐኪሞችና ጊዜ ይይዙታል። ማይንድፉልነስ ደህና የሚሠራው ሁለተኛው ላይ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ ግን ሰዎች ብዙም የማያነሡት ነው፤ ድካምን ቀድሞ ማየት። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት በዕረፍት ከሚጠቀመው ኃይል ወደ 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ከጉዳት በኋላ ደግሞ ቀድሞ በራሳቸው ይሄዱ የነበሩ ነገሮች፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች እያወሩ አንዱን መስማት፣ ጥረት ይጠይቃሉ። ታካሚዎች ድካሙ በድንገት እንደሚጥላቸው ይናገራሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ምልክት ሳይልክ አይመጣም። አንዱ መንጋጋውን ይነክሳል። ሌላዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ታነባለች። አንዱ ጋ የሬዲዮው ድምፅ ማንም ሳይነካው ከፍ ያለ ይመስላል። ምልክቱ ድካሙ ከመጣሉ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ የመጣ እንደሆነ፣ ያንን ያስተዋለ ሰው ጋደም ብሎ ከሰዓቱን ያተርፋል፤ ያላስተዋለው የቀኑን ቀሪ ክፍል፣ አንዳንዴም ማግሥቱን ጭምር ይከስራል።

ሌላው ቱግ ማለት ነው። የአንጎል የፊት ክፍል ስሜትን የመግታት ሥራ ስላለበት፣ እሱ ሲጎዳ በቁጣና በቃል መካከል የነበረው ርቀት ይጠባል። ልጅ በሩን ድም አድርጎ ይዘጋል፤ አባት መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው መቆጣቱን የሚያውቀው። ልምምዱ ቁጣውን አያጠፋም። ደረት ሲሞቅ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ሲወጣ ማወቅን ያስለምዳል። ያቺ አንዲት ሰከንድ ክፍሉን ለቅቆ ለመውጣት ትበቃለች።

ድባቴም አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአደጋ አንጎላቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የተኙ 559 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት የከባድ ድባቴን መስፈርት አሟልተዋል። ስለዚህ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ የድክመት ምልክት አይደለም፤ መታከምም ይችላል።

ጥናቶቹ በአጠቃላይ ምን ያሳያሉ?

ተስፋ አለው፤ ግን ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። ስዊድን ውስጥ በጎተንበርግ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከስትሮክ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ድካም የቆየባቸው ሰዎች የ8 ሳምንቱን ሥልጠና ሲወስዱ ድካማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ ለድባቴ የተዘጋጀውን የማይንድፉልነስ ሕክምና ወደ 10 ሳምንት አራዝሞ፣ አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች እንዲስማማ አድርጎ ሰጠ፤ የተሳታፊዎቹ የድባቴ ምልክት ተራቸውን ሲጠብቁ ከነበሩት ይልቅ ቀነሰ።

የማይወራለት ሌላ ጥናት አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ 145 ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎች የተካተቱበት ነበር። በካሴት የታገዘ አጭር የማይንድፉልነስ ሥልጠና የወሰዱት ሰዎች በትኩረት ፈተና ከሌሎቹ አልተሻሉም። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው የሚገባኝ ይህ ነው፦ ከድካምና ከድባቴ ጋር ለመኖር ይረዳል የሚለው ማስረጃ፣ ትኩረትን ራሱን ይጠግናል ከሚለው የበለጠ ጠንካራ ነው። ሰው ፊት ለፊት የሚያስተምረው ረዘም ያለ ሥልጠናም ከካሴት የተሻለ ይመስላል።

መቼ ልጀምር?

ጭንቅላት በተመታ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ዋናው ነገር ዕረፍትና ክትትል ነው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መጎተት፣ የአንድ ወገን መዛል፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወርድ ንጹሕ ፈሳሽ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቀኑንና ቦታውን የሚያምታታ፣ የጠዋቱን ነገር ማታ የማያስታውስ ሰው ገና ለዚህ ልምምድ አልደረሰም፤ ይቆየው። ቀለል ያለ ምት የደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ስለሚሻላቸው ምንም ዓይነት ልምምድ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ከዚያ ያለፈ ምልክት የቆየበት ሰው ግን ከጉዳቱ ዓመታት ቢያልፉም አልዘገየም፤ የጎተንበርጎቹም ተሳታፊዎች ድካሙ የቆየባቸው ሰዎች ነበሩ።

የተጎዳው ትኩረቴ ራሱ ነው። ትኩረት የሚጠይቅ ልምምድ እንዴት ልሥራ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። እግሩ ለተሰበረ ሰው ሩጫ እንደ ማዘዝ ይመስላል። ሁለት ነገሮች ግን ያቀሉታል።

አንደኛ፣ ልምምዱ የሚቆጠረው ቀልብ ሳይበተን በቆየበት ጊዜ አይደለም፤ ተመልሶ በመጣበት ቁጥር ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐሳብዎ አሥራ አምስት ጊዜ ሄዶ አሥራ አምስት ጊዜ ከመለሱት አሥራ አምስት ጊዜ ሠርተዋል። ትኩረቱ የማይናጋ ሰው ቢኖር፣ የሚሠራው ነገር ባልኖረው ነበር።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ይቁረጡት። ያቺን 45 ደቂቃ አሁን እናንሣት። አንጎሉ ላልተጎዳ ሰው የተለካች ልብስ ናት፤ በጠባብ ጉልበት ላይ ስትለበስ ታስጨንቃለች። በሁለት ደቂቃ ይጀምሩ። ሁለት ደቂቃ ከበዛ ሦስት ትንፋሽ ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከመታገል በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሻላል። ጉልበትዎ ሙሉ የሚሆንበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ለብዙ ሰው ይህ ከቁርስ በኋላ ነው፤ ማታ ከደከሙ በኋላ አይሞክሩት። ቴሌቪዥኑ ይጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፤ ትንፋሽንም፣ ድምፅንም፣ ሐሳብንም በአንዴ መከታተል ለኋላ ነው።

ትንፋሽ ረቂቅ ሆኖ ከእጅዎ የሚያመልጥ ከሆነ የሚዳሰስ ነገር ይያዙ። ለምሳሌ አንድ ኩባያ ይጠቡ። አንድ ብቻ፤ የሳህን ክምር አይንኩ። ቧንቧውን ከመክፈትዎ በፊት የኩባያውን ክብደት በእጅዎ ይመዝኑት። ጆሮውን በጣትዎ ያግኙ። ከታች የተሰነጠቀ ወይም የሻከረ ጠርዝ ይኖረዋል፤ ይዳስሱት። ውኃው ሲነካዎት የመጀመሪያው የሚሰማዎት የት ነው? አውራ ጣት ላይ? መዳፍ ላይ? በመሐል «ስልክ መደወል ነበረብኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ «ሐሳብ» ብለው ወደ አውራ ጣትዎ ይመለሱ። ኩባያው ሲደርቅ ልምምዱ አለቀ። አንድ እጅዎ የደነዘዘ ከሆነ የውኃውን ሙቀት በደህናው እጅ አስቀድመው ይፈትሹ፤ የማይሰማ እጅ ሳይታወቀው ይቃጠላል።

ዓይን መጨፈን ግድ ነው?

አይደለም። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ወይም ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው መሥመር ከተዛባ፣ ሰው ሳያውቀው በዓይኑ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ዓይን ሲጨፈን ያ ድጋፍ ይነሣል፤ ቤቱ ይዞራል። ዓይንዎን ከፍተው ወለሉ ላይ አንድ ነጥብ ያሳርፉ፤ ጀርባ ባለው ወንበር ይቀመጡ፤ እግርዎ መሬት ይርገጥ።

በረጅሙ መተንፈስ ይጠቅማል ይባላል። ለሚጥል በሽታ ሥጋት ላለበትስ?

ቶሎ ቶሎና በኃይል መተንፈስን ይራቁ። የአንጎል ሞገድ ምርመራ የሚያደርጉ ባለሙያዎች የተደበቀ የሚጥል በሽታን ለመቀስቀስ ታካሚውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ ያስተነፍሱታል፤ እነሱ ዘንድ ምርመራ ነው፤ ብቻዎን ቤት ውስጥ ግን አደጋ ነው። ማይንድፉልነስ ትንፋሽን መለወጥ አይጠይቅም። እንደመጣ መመልከት ይበቃል። ጉዳት ደርሶብዎት ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም ቢሆን ጥሎዎት ከሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መለማመዱን ራሱ እረሳዋለሁ። ምን ላድርግ?

በማስታወስ ችሎታዎ ላይ አይመኩ፤ ሥራውን ለዕቃና ለልማድ ይስጡት። በየቀኑ በማይቀር ነገር ላይ ያስሩት፦ ጥርስ ከመቦረሽ በፊት፣ መድኃኒት ከዋጡ በኋላ፣ ጫማ ሲያስሩ። የስልክ ማንቂያ ጥሩ ነው፤ ግን «ልምምድ» ብለው አይጻፉበት፤ ሰው እንደ ትእዛዝ አይቶ ያልፈዋል። «እግሬ የት ነው?» ብለው ይጻፉ። ጥያቄ ሲያዩ እግርዎን ይፈልጋሉ፤ ፈልገው ሲያገኙት ልምምዱን ጀምረዋል።

ከጀመርኩ ወዲህ ብሶብኛል። የተለመደ ነው?

ይደርሳል፤ ልምምዱን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ይህን አለመናገራቸው ያናድደኛል። ዝም ሲሉ አደጋው የደረሰበት ቅጽበት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሲሯሯጡ ያልተሰማ ሕመም ይሰማል። የጠፋውን ነገር ማስተዋልም ራሱ ሐዘን አለው፤ ብዙ ሰው ሥራውን፣ መንዳቱን፣ ቀልዱን እንዳጣ አጥብቆ የሚሰማው ቁጭ ሲል ነው።

እንዲህ ሲሆን በጽናት መቀጠል ጀግንነት አይደለም። ዓይንዎን ይክፈቱ፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው ይጥሩ፤ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ፣ ወደ ውስጥ ከማየት ይልቅ እንደ ኩባያው የውጭ ነገር ይያዙ። ቅዠቱ፣ መባነኑ ወይም ከሰውነት ተለይቶ የመንሳፈፍ ስሜቱ ከተደጋገመ ልምምዱን አቁመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል?

መነሻው የቡዲዝም የማሰላሰል ልማድ ነው። በሆስፒታል የሚሰጠው ሥልጠና ግን የሚመለክ ነገር፣ የሚደገም ቃል ወይም የሚቀበሉት እምነት የለውም። ሆኖም ልብዎ የማይቀበለውን ነገር በግድ አይሥሩ። ጸሎት ያለው ሰው ከጸሎቱ በፊት ሁለት ደቂቃ እጁን ማስተዋል ይችላል፤ ሁለቱን ማቀላቀል አይጠበቅበትም።

በስልክ አፕሊኬሽን መለማመድ ይበቃል?

ለጅምር ያግዛል። ችግሩ ብዙዎቹ ለጤነኛ ጆሮ የተቀረጹ መሆናቸው ነው፦ ተናጋሪው ይፈጥናል፣ ከኋላ ሙዚቃ አለ፣ ማያ ገጹ ያበራል፣ ደቂቃው ይረዝማል። የተሻለ መላ አለ። ቀስ ብሎ የሚናገር የቤተሰብ አባል አምስት ዓረፍተ ነገር በስልክ ይቅረጽልዎት፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም ይበል። የሚያውቁት ድምፅ ለመከተል አይከብድም። አስተማሪ ካገኙ ደግሞ ስለ አንጎል ጉዳት የሚያውቅ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ «ድካም ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው መልስ ከሌለው ሌላ ይፈልጉ።

አስታማሚ ነኝ። እንዴት ላግዝ?

ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ሲቆጣ «ተረጋጋ፣ ልምምድህን ሥራ» አይበሉት። ልምምዱ በዚያች ቅጽበት ቅጣት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላም ስሙን መስማት አይፈልግም። በሰላም ሰዓት አብረው ቁጭ ይበሉ፤ ሁለት ደቂቃ ለእርስዎም አይበዛም።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። ከአንጎል ጉዳት በኋላ አንዳንድ ሰዎች የራሳቸውን ለውጥ አያዩም። «እኔ ምንም አልሆንኩም፤ እናንተ ናችሁ የተለወጣችሁት» ይላሉ። ይህ እልኸኝነት ላይሆን ይችላል፤ ራስን የሚያየው የአንጎል ክፍል ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለማሳመን መከራከር ሁለታችሁንም ያደክማል። ለእሱ ችግር በሆነው ይጀምሩ፤ ቁጣውን ባያይ እንቅልፍ ማጣቱን ያያል።

ለራስዎ ደግሞ፦ ያንኑ ጥያቄ ለሰባተኛ ጊዜ ሲጠይቅዎት፣ ከመመለስዎ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ተረከዝዎን ያስተውሉ። መልሱ ያው ነው፤ ድምፅዎ ግን ይለያል።

እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመረጋጋት አይለኩት፤ መረጋጋት አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይቀራል። ማታ ማታ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ድካሙ ወይም ቁጣው መቼ ጀመረ፣ እኔስ መቼ ነቃሁበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለተኛው ሰዓት ከመጀመሪያው በጣም ይርቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚነቁት ከወደቁ በኋላ ነው። እየቀረበ ከመጣ ልምምዱ ይዞልዎታል። ስድስትና ስምንት ሳምንት ሠርተው ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ይተዉት፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው አይስማማም። ለውጡን ከእርስዎ ቀድሞ የሚያየው የቤት ሰው ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ እሱንም ይጠይቁት።

ማስታወሻው ማማር የለበትም። «ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ መንጋጋ። 4 ከ5፣ ጋደም አልኩ። ምሳ ላይ ደህና ነበርኩ» የሚል ይበቃል።